የአማት ሬዲዮ

መቱ ውስጥ የእኔን ስም የማያውቅ ብዙ ሰው ነበር፤ የሬዲዮዬን ስም የማያውቅ ግን አልነበረም። «የአማት ሬዲዮ» ይሉት ነበር። ስሙን ያወጣሁት እኔ አይደለሁም። እኔማ ለአከራዬ ለጋሼ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብዬ «አማተር ሬዲዮ» ምን እንደሆነ በሰፊው ነበር ያስረዳኋቸው። አማተር ማለት ለደመወዝ ሳይሆን ለፍቅሩ ብሎ በሬዲዮ የሚነጋገር ሰው ነው፣ ተፈትኖ ፈቃድ ያወጣል፣ አይቶት ከማያውቀው ሰው ጋር በአየር ላይ ሰላም ይባባላል እያልኩ። ጋሼ ሲያዳምጡኝ ቆዩና፣

«ታዲያ አማትህ የት ናቸው?» አሉኝ።

«ኧረ ጋሼ፣ እኔ አላገባሁም እኮ።»

«ሚስቲቱ ሳትገኝ የአማትን ሬዲዮ ምን አስቸኮለህ?»

ይህቺ ነገር በማግስቱ ከእኔ ቀድማ ገበያ ደረሰች። ከዚያ ወዲያ ሻይ ቤት ስገባ «አማትህ ደህና ናቸው?» የማይለኝ አልነበረም። እኔም ሞኝ ነኝና በየጊዜው «አማት ሳይሆን አማተር ነው» እያልኩ አስተካክል ነበር። ባስተካከልኩ ቁጥር ስሙ ይበልጥ እየተጣበቀብኝ ሄደ።

የደብረ ብርሃን ሰው ነኝ። ወደ መቱ ያመጣኝ ሥራ ነው። አንድ የውሃ ፕሮጀክት ነበር፣ የመኪኖቹን ሬዲዮ የምገጥመውና ሲበላሽ የምጠግነው እኔ ነበርኩ። ሞባይል ያኔ ለኢሉባቦር ወሬው እንጂ ኔትወርኩ አልደረሰም። ከፕሮጀክቱ የውጭ አገር መሐንዲሶች አንዱ ኮንትራቱ ሲያልቅ የራሱን ሁለት ሬዲዮዎች ሰጥቶኝ ሄደ፤ አንዱ መኪና ላይ የሚገጠም፣ ሌላው በእጅ የሚያዝ። ከዚያ በኋላ ማን ይቻለኝ! አዲስ አበባ ሄጄ፣ ተፈትኜ፣ ፈቃዴን ይዤ ተመለስኩ። ሾፌር የሆነ አንድ የሥራ ባልደረባዬም አብሮኝ ተፈትኖ አለፈ። ሁለታችንም የጋሼ ተከራይ ነን፣ ክፍላችን ግድግዳ ይጋራል። ከሥራ ስንመለስ እሱ ከክፍሉ፣ እኔ ደጅ ከቆመችው አሮጌ ቮልሴ ውስጥ ሆኜ «ጤና ይስጥልኝ፣ ማን ልበል?» እንባባላለን። ማን ሊሆን ይችላል ብዬ ነው! በአካባቢው ከእሱ ሌላ አማተር የለ።

መሐንዲሱ ሬዲዮውን ሲሰጠኝ የመኪናውን አንቴና አልሰጠኝም። አንቴና ደግሞ መቱ ሱቅ ገብተህ «አንድ ስጠኝ» የምትለው ዕቃ አይደለም። መቱ ላይ የማይጠፋው ዝናብና የተሰበረ ጃንጥላ ነው። የጋሼ ሚስት እትዬ ነፋስ የገለበጠባቸውን ጃንጥላ ሊጥሉ ሲሉ ተቀበልኳቸውና አንዱን ሽቦ ነቅዬ የቮልሴ ጣሪያ ላይ ተከልኩት።

እዚህ ላይ ትንሽ ልፎክር፤ ውርደቱ በኋላ ይመጣል። ሬዲዮው ሁለት ባንድ፣ ማለትም ሁለት የሞገድ ክልል፣ አለው። የአንዱ ሞገድ ሁለት ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ የሌላው ሰባ ሳንቲ ሜትር ብቻ። ረጅሙና አጭሩ እንበላቸው። ሽቦው የሞገዱን ሩብ ካከለ አንቴና ሆኖ ይሠራል። የረጅሙ ሩብ ግማሽ ሜትር ነው፤ የእትዬ ጃንጥላ ሽቦ ደግሞ ትንሽ ሲቆረጥለት ልክ ግማሽ ሜትር! አጭሩ ሞገድ የረጅሙ ሲሶ ስለሆነ ያው ሽቦ ለአጭሩ ሦስት ሩብ ይሆናል፤ ሦስት ሩብም ይሠራል። ሌላ ሽቦ መፈለግ የለ፣ መቀየር የለ። አንድ የጃንጥላ ሽቦ ሁለት ባንድ ያስተናግዳል። መሐንዲሱ ይህን ሲነግረኝ «ይሠራል፣ ግን…» ብሎ አንድ ነገር ጨምሮ ነበር። እኔ «ይሠራል» የሚለውን ሰምቼ ሄድኩ። ሰው ሲናገር ከ«ግን» በኋላ ያለውን የመስማት ልማድ የለኝም።

ባልደረባዬ ሽቦውን አየና «ይሄማ በሁለት ቢላዋ የሚበላ ነው» አለኝ። ለሰው ሲባል ስድብ እንደሆነ እያወቅኩ እንደ ምስጋና ወሰድኩት። ላገኘሁት ሁሉ «አንቴናዬ በሁለት ቢላዋ ነው የሚበላው» እያልኩ አወራ ነበር።

አንድ ሌላ ጉራም ነበረን። በፖሊስና በወታደር ሬዲዮ አንዱ ተናግሮ ሲጨርስ «ተቀበል» ይላል። እኛ ሲቪሎች ነን፣ የራሳችን ወግ ይኑረን ብለን «ተቀበል»ን ተውናትና ሌላው እንዲናገር ስንፈልግ «ላክ» ማለት ጀመርን። ድምፅህን ላክ ለማለት ነው። ይህቺን ቃል የመረጥኳት እኔ ነኝ። ምላሴን ቆርጠው በጣሉት ኖሮ!

እንግዲህ መምህርቷን ላምጣት። የሁሩሙ ልጅ ናት፣ መቱ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳይንስ ታስተምር ነበር። ስለ ሬዲዮው ሰምታ ልታየው መጣች። እስከዚያ ድረስ በሬዲዮ ምክንያት ሴት ልጅ ቀርባኝ ስለማታውቅ ሁለት ሰዓት ሙሉ ስለ ጃንጥላ ሽቦ አወራኋት። አልሸሸችም። በሚቀጥለው ሳምንትም መጣች። በእጅ የሚያዘውን ሬዲዮ ሰጥቻት ወደ ሜዳው ማዶ ሄደች፣ እኔ ከቮልሴ ሆኜ «ላኪ!» አልኳት። መልስ የለም። «ላኪ! ላኪ እንጂ!» ስል በሬዲዮው የመጣው ሳቅ ነበር። ሳቋ አላቆም ብሏት ዓይኗን እየጠረገች ተመለሰች።

«እኔ የምልህ» አለችኝ፣ «ይቺን ቃል እናቴ ፊት እንዳትላት!»

እኔ ደግሞ እንደ ልማዴ ሳቋን እንጂ ነገሩን አልሰማሁም። ይህን ያህል የማስቅ ጨዋታ አዋቂ መሆኔን እያሰብኩ ደስ አለኝ። በኦሮምኛ «ለኪ» ማለት «እምቢ፣ አይሆንም፣ ተው» ማለት መሆኑን አላውቅም ብል እግዜር ይታዘበኛል። ገበያ ላይ በዋጋ ስከራከር ስንቴ ተብያለሁ! ግን የገበያው «ለኪ» እና የሬዲዮዬ «ላኪ» አንድ ቀን ይገናኛሉ ብዬ አላሰብኩም። ሬዲዮ ላይ ስሆን የምሰማው ራሴን ነው።

ወደድኳት። አሁን ምን ይደበቃል፣ በጣም ወደድኳት። ከእሷ በፊት ማታ እንቅልፍ የሚነሳኝ የተቃጠለ ፊውዝ ብቻ ነበር። ላግባሽ ስላት እንዲህ አለችኝ።

«እኔ እሺ ካልኩህ ቆይቷል። ግን እናቴ ብቻዋን ነው ያሳደገችኝ፤ አባቴን አላውቀውም። እሷ ካልመረቀችኝ አላገባም። እምቢ ካለች እምቢ ነው፣ እኔ እሷን አልፌ የትም አልሄድም። ሽማግሌ ላክ።»

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ እኚህ የሁሩሙ እናት እጅ ላይ ወደቀ። በማር ንግድ ቤት ያቆሙ፣ ቀልድም ቁጣም የሚያውቁ ሴት እንደሆኑ ሰምቻለሁ። ጋሼን ለመንኳቸው። ሁለት ሰው መርጠው እሁድ ለመሄድ ተስማሙ፤ ባልደረባዬም እንዲያጅባቸው።

ሽማግሌ የላከ ሰው አብሮ አይሄድም፣ እቤቱ ቁጭ ብሎ ጥፍሩን ይበላል። ይሄ ወግ ነው። ሁሩሙ የነበረው ስልክ ቤት ደግሞ እሁድ ዝግ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ማታ እስኪመለሱ ይጠብቅ ነበር። እኔ ግን ሬዲዮ ያለኝ ሰው ነኝ! በእጅ የሚያዘውን ለባልደረባዬ ሰጠሁትና፣ እኔ ቮልሴን ይዤ ከመቱ ወጣ ብሎ ያለው ጉብታ ላይ ልቆም፣ እሱ ከልጅቷ እናት ቤት ደጅ ሆኖ የሆነውን ሁሉ ሊነግረኝ ተነጋገርን። ጋሼ ሲሰሙ አልወደዱትም።

«ሽማግሌ የገባበት ቤት ሬዲዮ ይዞ አይኬድም» አሉ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም?»

«ደጅ ነው የሚቆመው፣ ጋሼ። ድምፁም አይሰማም።»

እሁድ ጠዋት ሽማግሌዎቹ በሚኒባስ ሄዱ፣ እኔ ጉብታዬ ላይ ወጣሁ። በረጅሙ ባንድ ከፈትኩት። የባልደረባዬ ድምፅ ጎኔ የተቀመጠ ያህል ጥርት ብሎ መጣ።

«ገብተዋል። ማር ቀርቦላቸዋል። ላክ።»

ማር! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። «ልጅቷስ? ላክ።»

«እንደ ወጉ አክስቷ ቤት ሄዳለች። ጋሼ አሁን ስለ ጠባይህ እየተናገሩ ነው። ላክ።»

«ምን አሉ? ላክ።»

«ጨርሰዋል።»

እዚህ ላይ ነገሩ በተቋጨ ኖሮ ሰው በሆንኩ ነበር። ጥርት ብሎ እየተሰማ፣ ማሩ እየተበላ፣ ምን ጎደለኝ? የጎደለኝማ ጉራ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ ስለ ሁለቱ ባንድ ስፎክር ኖሬ፣ አጭሩን ባንድ ከግቢያችን አልፌ ሞክሬው አላውቅም። ዛሬ በዚህ በትልቁ ቀኔ መቱንና ሁሩሙን በአጭሩም ላገናኛቸው አማረኝ።

«አሁን ወደ አጭሩ እንለፍ» አልኩት።

«ተው እንጂ፣ እየተሰማማን እኮ ነው!»

«ለታሪክ ነው። እለፍ!»

አለፈ። እኔም አለፍኩ። ወዲያው ሬዲዮው እንደ ትኩስ ዘይት ይንጫጫ ጀመር። ከጫጫታው ውስጥ ድምፅ ብቅ ይላል፣ ይጠፋል። በዚህ መሃል ሁሩሙ ላይ ምን እንደሆነ በኋላ ባልደረባዬ ነው የነገረኝ። እኔን ለመስማት ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶት ኖሮ፣ ጫጫታው እቤት ውስጥ ተሰማ። የቤቱ እመቤት ከሽማግሌዎቹ መሃል ተነሥተው ወጡና «ምንድን ነው ይሄ?» አሉት። እሱም በድንጋጤ፣ ከተማው የሚለውን ስም አፉ ላይ አመጣው።

«የአማት… የአማት ሬዲዮ ነው፣ እማማ።»

«የአማት ከሆነማ የኔ ነው፤ ወዲህ በለው!» አሉና ከእጁ ተቀበሉት። ቀልደኛ ናቸው ብያለሁ። ሽማግሌ ሲመጣ መልስ በመጀመሪያው ቀን እንደማይሰጥ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም፤ እኔን ትንሽ ሊያጫውቱኝ ፈልገው ነው። ባልደረባዬ ሲናገሩ የሚጫኑትን ቁልፍ አሳያቸው። ሽማግሌዎቹም ተከትለው ወጥተው በራፉ ላይ ቆሙ። እመቤቲቱም ሬዲዮውን ወደ አፋቸው አስጠግተው በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ በርባዳ?» አሉ። ልጄን ትፈልጋለህ ወይ ማለት ነው።

እኔ ጋ የደረሰው እንዲህ አልነበረም። እኔ ጋ የደረሰው የቀጠነና የተቆራረጠ የሴት ድምፅ ነው። ያ ባንድ ድምፃቸውን ልጦ ልጦ የሃያ ዓመት ልጅ አደረጋቸው። እሷ ናት አልኩ! ከአክስቷ ቤት ሾልካ መጥታ ልታነጋግረኝ ነው! ቃሏ አልገባኝም፤ ግን ማይኩን ይዤ ጮህኩ።

«አንቺ ነሽ? አይሰማም! ድምፅሽ እየተቆራረጠ ነው፣ ላኪ! እንደገና ላኪ! ላኪ!»

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ሁሩሙ የደረሰው «አንቺ… ለኪ!… ለኪ!… ለኪ!» ነው።

አስቡት። አንዲት እናት «ልጄን ትፈልጋለህ ወይ?» ብለው ጠየቁ፤ ሽማግሌ የላከው ሰውዬ ደግሞ ከመቱ ጉብታ ላይ ሆኖ «እምቢ! እምቢ! እምቢ!» አላቸው፣ ያውም በራሱ ሽማግሌዎች ፊት።

ከዚያ በኋላ በሬዲዮው የሰማሁት ጫጫታ፣ ግርግር፣ ብዙ ሰው በአንድ ላይ ሲጮህ ነው። ጋሼ «ኧረ በሕግ!» እያሉ ነበር ለካ። ለእኔ የተሰማኝ እልልታ ነው። ወላሂ እልልታ! ሬዲዮውን ዘጋሁና ቮልሴን አስነሥቼ ክላክስ እየነፋሁ ቁልቁል ወደ መቱ ገባሁ። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ «እሺ አሉ! እሺ አሉ!» አልኩ። እትዬም ደስ ብሏቸው ዶሮ አሳረዱ፤ ጎረቤት ተጠራ፣ ግቢው ሞላ። እኔ መሃል ቁጭ ብዬ ከሁሩሙ ዜና በጃንጥላ ሽቦ እንዴት እንደሚመጣ ሳስረዳ ዋልኩ።

ሽማግሌዎቹ አመሻሹ ላይ በዝናብ ተመለሱ። ጋሼ ካፖርታቸው ውሃ እያንጠባጠበ በሩ ላይ ቆመው የተሰበሰበውን ሰው አዩ፣ የቀረበውን ወጥ አዩ።

«ምን ተገኝቶ ነው?» አሉ።

«እንኳን ደስ አለዎ፣ ጋሼ!» አለች አንዷ ጎረቤት።

ጋሼ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ልጅ፣ እኔ በሽምግልና ስሄድ አርጅቻለሁ። አባት እምቢ ሲል አይቻለሁ፣ እናት እምቢ ስትል አይቻለሁ። ሽማግሌ ልኮ ራሱ እምቢ የሚል ግን ዛሬ ገና አየሁ!»

ባልደረባዬ ከኋላቸው ቆሞ የሆነውን ሁሉ ተናገረ። ከዚያ አንዱ በሳቅ ፈነዳ፣ ሌላውም ተከተለ፣ በመጨረሻ እትዬ ራሳቸው ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ይንቀጠቀጡ ጀመር። ዶሮው ግን አልተረፈም፤ እየሳቁ በሉት። እኔ አንድ ጉርሻም አልወረደልኝም። እሷን ያጣኋት መሰለኝ፣ በገዛ አፌ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ፤ የእኔ ደግሞ አፋፉን አልፎ ሁሩሙ ገብቷል።

ሰኞ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ጠበቅኳት። ዓይኗ አብጧል። ማልቀሷን ሳይ ሬዲዮውንም ሽቦውንም ገደል ልጨምረው ፈለግኩ።

«ነገርኳት» አለችኝ። «እያለቀስኩ፣ እየማልኩ ነገርኳት። የሱ 'ላኪ' የአማርኛ ነው፣ ተናገሪ ማለቱ ነው አልኳት።»

«ታዲያ?»

«የባሰ ተቆጣች! 'በኦሮምኛ ከሆነ ልጄን እምቢ ብሏል፤ በአማርኛ ከሆነ እኔን አንቺ ብሏል። አንቺ የምትዪኝ የወለድኩሽ አንቺ ብቻ ነሽ። ከሁለቱ የቱን ነው ይቅር የምለው?' አለችኝ።»

እውነታቸውን ነው። «ይላኩ» ብል ኖሮ፣ ሰው እንደሚያከብር ሰው «ይላኩ፣ እማማ» ብል ኖሮ፣ «ለኪ» የሚባል ነገር በመሃላችን ባልገባ ነበር። በየት አገር ነው ማንነቷን ሳያውቁ ሴትን «አንቺ» የሚሉት? ግን ልጅቷ ናት ብዬ ነው ብል ደግሞ፣ የእናትና የልጅን ድምፅ የማይለይ የሬዲዮ ቴክኒሻን መሆኔን ማመኔ ነው።

«እኔ እሷን አላልፍም» አለችኝ ስትሄድ። «ነግሬሃለሁ አይደል?»

ያ ሳምንት አያልቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ እኔ ግን ስለ ራሴ የተወራው አንድም አላመለጠኝም። ባለሱቁ ስኳር ልግዛ ብዬ ስገባ «ለኪ!» ይለኛል፤ ሚኒባስ ላይ ረዳቱ ሒሳብ ስሰጠው «ለኪ!» ይለኛል። በዚያ ላይ ብስጭቴ አላስተኛ ቢለኝ ቁጭ ብዬ ነገሩን በእርሳስ ሳሰላው፣ የመሐንዲሱ «ግን» ምን እንደነበረ ገባኝ። ሦስት ሩብ የሆነ ሽቦ ይሠራል፤ ግን አብዛኛውን ጉልበቱን የሚልከው ወደ ላይ ነው። እኔ በአጭሩ ባንድ ያን ያህል ስጮህ ደመናው በደንብ ሰምቶኛል፣ ሁሩሙ የደረሰው ፍርፋሪው ነው።

ቅዳሜ መምህርቷ እትዬ ጋ መልእክት ትታልኝ ወደ እናቷ ሄደች። መልእክቱ አጭር ነበር፤ «እናቴ ሬዲዮውን ይዞ ራሱ ይምጣ ብላለች።» ለሽማግሌ አይደለም፣ ለእኔ። ጋሼ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁና፣ «ሂድ። አፍህን ግን እዚህ ትተኸው ሂድ» አሉኝ።

እስከ ሁሩሙ ድረስ መሪ እንደያዝኩ ስለማመድ ሄድኩ። «ይላኩ፣ እማማ። እርስዎ ይላኩ። እርስዎ።» ዝናቡ መንገዱን አጨቅይቶት ቮልሴ እንደ ሰካራም ትወላገዳለች፤ እኔ ለጭቃው ግድ የለኝም፣ «እርስዎ» እላለሁ።

ግቢያቸው ስገባ በረንዳው ላይ አገዳ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ልጃቸው ከኋላቸው ቆማለች፣ ቀና ብላ አታየኝም። ወርጄ እጅ ነሣሁ። ለሰላምታዬ «አካም ጅርታ» አሉኝና፣ ሌላ ሳይጨምሩ እጃቸውን ዘረጉ። በእጅ የሚያዘውን ሬዲዮ ሰጠኋቸው።

«ተመለስና መኪናህ ውስጥ ግባ» አሉኝ በአማርኛ። «የአማት ሬዲዮ ነው አይደል የሚባለው? እኔ ዛሬ በሱ ነው የምጠይቅህ።»

ገባሁ። በመሃላችን ያለው የግቢው ስፋት ብቻ ነው፤ ዝናቡ የቮልሴን ጣሪያ ይደበድባል። ሬዲዮውን በረጅሙ ባንድ አደረግኩት። ወደ አጭሩማ በጠመንጃ ብታስገድዱኝም አልሄድ። ድምፃቸው ጥርት ብሎ መጣ፣ በአማርኛም በኦሮምኛም፣ ምንም እንዳልሳት።

«ልጄን ትፈልጋለህ ወይ? ኢንተላ ኮ በርባዳ?»

ማይኩን አነሣሁና «አዎ፣ እማማ፣ እፈልጋለሁ» አልኩ። እሳቸው በረንዳው ላይ ሬዲዮውን ጆሯቸው ላይ አድርገው ጠበቁ። «እፈልጋታለሁ፣ እማማ!» አልኩ። አሁንም ጠበቁ። ሬዲዮውን ከጆሯቸው አንሥተው አዩት፣ ነቀነቁት፣ ወደ ልጃቸው ዞረው ትከሻቸውን ሰበቁ። ምን ነካው ይሄ ዕቃ? ማዞሪያውን ነካካሁ፣ ጣሪያው ላይ ወዳለው ሽቦ አየሁ፣ ደግሜ ጮህኩ፣ ምንም። ልጅቷ ፊቷን በእጇ ስትሸፍን አየኋት። በቃ! የመስኮቱን መስተዋት አውርጄ፣ እስከ ደረቴ ወደ ዝናቡ ወጥቼ፣ ባለኝ ኦሮምኛ ሁሉ ጮህኩ።

«ኤዬ! ኤዬ! ነን በርባዳ! እፈልጋለሁ!»

ጎረቤቶች ከአጥሩ በላይ ብቅ ብቅ አሉ። እኔ ወደ እጄ ተመለከትኩ። የማይኩን ቁልፍ አልተጫንኩትም። የስንቱን መኪና ሬዲዮ የገጠምኩ፣ ተፈትኜ ያለፍኩ፣ በሁለት ባንድ የምፎክር ሰውዬ ቁልፉን አልተጫንኩትም!

እማማ ሬዲዮውን ጭናቸው ላይ አኖሩት። «ያለ ሽቦህም ድምፅህ ይሰማል ለካ» አሉኝ ከበረንዳው። እኔ ግማሽ አካሌ መስኮቱ ላይ ተንጠልጥሎ፣ ውሃው ከፀጉሬ ወደ ዓይኔ እየወረደ፣ ፊታቸውን አያለሁ። አይስቁም። አይቆጡም። ወደ ልጃቸው ዘወር አሉና አንዲት ቃል ብቻ ተናገሩ።

«ላኪ!»

ላኪ ወይስ ለኪ? ልጅቷ አልተንቀሳቀሰችም፤ እሷም እንደኔው የገባት አልመሰለኝም። እማማ ደግሞ ሌላ አልጨመሩም። ነጠላቸውን በዝግታ አስተካከሉ፣ ወደ እኔ አዩ፣ ወደ ዝናቡ አዩ። በየትኛው ባንድ ነው ያሉት ብዬ እንደ ሞኝ ወደ ሬዲዮው ተመለከትኩ። ከዚያ ቅጽበት የረዘመ ነገር በሕይወቴ አላውቅም።

«ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ?» አሏት በመጨረሻ። «ላኪ እንጂ! መቱ ሰው ላኪ፤ ሽማግሌዎቹ እሁድ ይምጡ በይ። ይሄንንም ከዝናቡ አስገቢው።»

ሽማግሌዎቹ እሁድ ሄዱ፣ ያለ ሬዲዮ። እኔም እቤቴ ቁጭ ብዬ እንደ ወጉ ጥፍሬን በላሁ። ዛሬ ልጆቻችን አድገዋል፣ ስልክም በየኪሱ ነው፤ ያን የጃንጥላ ሽቦ ግን እማማ ወስደው በረንዳቸው ላይ የማር ጣሳ ክዳን ይፈነቅሉበታል። ያቺ ያን ቀን የተናገሯት የመጀመሪያዋ «ላኪ» በየትኛው ቋንቋ እንደነበረች ባለቤቴም አታውቅም። እኔም አማቴ ናቸውና እስከ ዛሬ ደፍሬ አልጠየቅኳቸውም።